ዲፍራግ፦ ሥራው አልቆ ምክሩ የቀረ

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ «ዲፍራግ አድርገው» የሚለው ሳይሆን አይቀርም፤ ዲስኩ ላይ የተበታተኑትን የፋይል ቁርጥራጮች አያይዝ ማለት ነው። በየጥገና ሱቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የአይሲቲ ክፍል፣ ኮምፒውተር በደቂቃዎች እናፈጥናለን በሚሉ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ዛሬም ይሰማል። ምክሩ በወጣበት ዘመን ልክ ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ ገና ቁልፉን ሳይጫን ጉዳዩ አብቅቷል፤ ማሽኑ የሚሽከረከር ዲስክ ካለው ዊንዶውስ ራሱ በየሳምንቱ ሥራውን ይሠራዋል፣ ኤስኤስዲ የተባለው የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ ከሆነ ደግሞ የሚሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ ዲፍራግ መቼ፣ ምን ያህል፣ ለየትኛው ሥራ ይጠቅም እንደነበር በቁጥር ካልታየ «ያፈጥናል» የሚለውም «አያፈጥንም» የሚለውም እኩል ወሬ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በአሠራሩ ከ1956ቱ የአይቢኤም ራማክ ብዙም አልራቀም። ያ ማሽን 50 ትልልቅ ሳህኖች ደርድሮ የሚይዘው 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የተነሣ አንድ ጥሩ ፎቶ ይሞላዋል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ማግኔታዊ ቅብ ያለው ሳህን ይዞራል፣ በክንድ ጫፍ ያለ ማንበቢያ ከሳህኑ በላይ ተንሳፍፎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመላለሳል። የላፕቶፖቹ ባብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ የዴስክቶፖቹ 7200 ጊዜ ይዞራሉ። ማንበቢያው የተፈለገው መስመር ላይ ለመድረስ በአማካይ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከደረሰም በኋላ የተፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል። በ7200 አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ አማካይ ጥበቃው የዚያ ግማሽ፣ 4.2 ገደማ ነው። ሲደመር 13 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል። የዲፍራግ ጥቅም በሙሉ የሚለካው በዚህች 13 ሚሊሰከንድ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ 100 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል አለ እንበል፤ ዲስኩ ደግሞ ሳያቋርጥ ሲያነብ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ያነባል። ፋይሉ አንድ ቦታ ላይ ተያይዞ ከተቀመጠ በ0.7 ሰከንድ ገደማ ይነበባል። በ10 ቦታ ከተቆራረጠ 10 ጊዜ 13 ሚሊሰከንድ ይጨመርበታል፤ ይህ ከአንድ ሰከንድ አንድ ስምንተኛው ስለሆነ ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው የለም። በ2000 ቦታ ከተበታተነ ግን 26 ሰከንድ ይጨመራል። ያው ፋይል፣ ያው ዲስክ፣ ያው ኮምፒውተር ሆኖ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቅ የነበረው ሥራ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንግዲህ «ሃርድ ዲስኩ ተቆራርጧል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ስንት ቦታ ነው የተቆራረጠው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው በዲፍራግ መስኮት ላይ የሚያየው በመቶኛ የተቀመጠ ቁጥር ይህንን በደንብ አያሳይም። ለሁለት ብቻ የተከፈለ ትልቅ ፊልምና ሺህ ቦታ የተበጣጠሰ የዳታቤዝ ፋይል ሁለቱም «የተቆራረጡ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ባለቤቱን የሚያስለቅሰው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

መቆራረጡ ከየት ይመጣል? ፋይል ሲሰረዝ ክፍተት ይተዋል፤ አዲስ የሚጻፈው ፋይል ያንን ክፍተት ይሞላና ካልበቃው ቀሪውን ሌላ ቦታ ይጥላል። በዶስ ዘመን የነበረው ፋት የተባለው የፋይል አያያዝ ደግሞ አርቆ የማሰብ ነገር አልነበረውም፤ ያገኘውን ባዶ ቦታ እየተከተለ መጻፍ ነው። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ቀሪዎቹ ክፍተቶች እያነሱና እየተበተኑ ስለሚሄዱ ነገሩ ይብሳል። ቀስ በቀስ የሚያድጉ ፋይሎች፣ ማለትም የኢሜይል ማከማቻ፣ የሒሳብ ፕሮግራም ዳታቤዝ፣ በየደቂቃው አንድ መስመር የሚጨመርባቸው የሎግ ፋይሎች ከሁሉም በላይ ይበጣጠሳሉ። ከኢንተርኔት በቶረንት የሚወርድ ፊልምም ቦታው አስቀድሞ ካልተያዘለት እንዲሁ ነው።

በዚያ ዘመን ዲፍራግ እውነተኛ መድኃኒት ነበር። የፒተር ኖርተን መሣሪያዎች ስፒድ ዲስክ በተባለው ፕሮግራም ሥራውን ታዋቂ አደረጉት፤ በ1993 ደግሞ ማይክሮሶፍት ከሲማንቴክ ፈቃድ ገዝቶ ዲፍራግን በኤምኤስ ዶስ 6.0 ውስጥ ጨመረው። በሰማያዊ ስክሪን ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ እየተነሡ ሲደረደሩ ማየት የዚያ ትውልድ የኮምፒውተር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትርኢት ነው። ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ትርኢቱ በቀለም ደመቀ። ምክሩ ዕድሜው የረዘመበት ትልቁ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሆነው ነገር አብዛኛው አይታይም፤ ዲፍራግ ግን ይታይ ነበር። ባለቤቱ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ቀዩ እየጠፋ ሰማያዊው እየተያያዘ ሲሄድ ይመለከታል። ሲያልቅ ማሽኑ ባይፈጥንም የፈጠነ ይመስለዋል። ለባለሙያውም ደንበኛውን «እየሠራሁልህ ነው» የሚያሰኝ ከዚህ የተሻለ ስክሪን አልነበረም።

ዊንዶውስ 2000 ላይ መሣሪያው ባለቤት ቀየረ። ማይክሮሶፍት በዚህ ጊዜ የወሰደው ኤክስኪዩቲቭ ሶፍትዌር ከተባለው ኩባንያ፣ ዲስኪፐር የተሰኘውን ፕሮግራም አሳጥሮ ነበር። ጀርመን ውስጥ ጉዳዩ ፖለቲካ እስከ መሆን ደረሰ። የኩባንያው መሥራች የአገሩ መንግሥት በጥርጣሬ የሚያየው ሳይንቶሎጂ የተባለ እንቅስቃሴ ተከታይ በመሆናቸው እንዲህ ወደ ዲስኩ ሥር የሚገባ ፕሮግራም በመንግሥት ኮምፒውተሮች ላይ መኖሩ የጸጥታ ጥያቄ አስነሣ፤ ማይክሮሶፍትም ፕሮግራሙ የሚነሣበትን መመሪያ ለማውጣት ተገደደ። ፋይል ማስተካከያ ትንሽ ፕሮግራም የአገር ጉዳይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይመስለኛል።

ወደ ነገሩ እንመለስ። ዲፍራግ በደጉ ዘመኑም ቢሆን የሚፈውሰው አንድ በሽታ ብቻ ነበር፤ የአንድ ፋይል ብዙ ቦታ መበታተን። ሰው «ኮምፒውተሬ ከበደኝ» ሲል ግን ባብዛኛው የሚያወራው ስለዚያ አይደለም። ማሽኑ ሲነሣ ዊንዶውስ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል፤ ጸረ ቫይረሱ የራሱን፣ ብራውዘሩ የራሱን፣ አፕዴቱ የራሱን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሙሉ ነው፣ አንዳቸውም አልተቆራረጡም፤ ክንዱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉ አይቀርለትም። አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ አሥር ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ቢያዝ፣ የእያንዳንዱ ጠረጴዛ ምግብ በአንድ ትሪ ተስተካክሎ መቅረቡ አስተናጋጁን ከመመላለስ አያድነውም። ክንዱ በሰከንድ ከ75 እስከ 100 ጊዜ ያህል ብቻ መዝለል ስለሚችል፣ ታስክ ማናጀር ላይ «ዲስክ 100 ፐርሰንት» ተብሎ ሲጻፍ የሚነበበው መጠን ግን በሰከንድ አንድና ሁለት ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ይታያል። ይህን የተመለከተ ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ይላል። ዲስኩ የሚችለውን ሁሉ እየሠራ ነው፤ ችሎታው ያ ብቻ ሆኖ ነው።

ይህንን የተረዱት የዊንዶውስ መሐንዲሶች ናቸው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽኑ ሲነሣ የትኞቹ ፋይሎች በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠሩ እየመዘገበ፣ በየሦስት ቀኑ ገደማ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እነዚያን ፋይሎች በተጠሩበት ቅደም ተከተል ዲስኩ ላይ ጎን ለጎን ይደረድራቸው ነበር። ይህ ከተራው ዲፍራግ የላቀ ብልሃት ነው፤ የተቆራረጠ ፋይል ከመጠገን አልፎ ሙሉ ፋይሎችን ያጎራብታል። ባለቤቱ ግን አያየውም፤ ስለማያየውም አያመሰግነውም። በእጁ የሚጫነውን ቁልፍ ማመስገኑን ቀጠለ።

ከዚያ ዊንዶውስ ቪስታ መጣ። ዲፍራግ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲሠራ ተደረገ፤ በቀለም የተሞላው ካርታ ግን ተነሣ። ተጠቃሚው በቁጣ ተነሣ፤ ምን ያህል እንደቀረው እንኳ የማይነግር ዲፍራግ ምኑ ዲፍራግ ነው በሚል። ሌላም የተቀየረ ነገር ነበር፤ ከ64 ሜጋባይት በላይ የሆኑ ቁርጥራጮችን ዊንዶውስ ማያያዝ ተወ። ሰነፍ ፕሮግራም ነው ተብሎ ተተቸ፤ ከላይ ባየነው ሒሳብ ቢታይ ግን ውሳኔው እንከን አይወጣለትም። 64 ሜጋባይት ለማንበብ በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚያነበው ዲስክ 0.43 ሰከንድ ይፈጅበታል። ክንዱ ወደሚቀጥለው ቁራጭ ለመዝለል የሚያባክነው 13 ሚሊሰከንድ ከዚያ ውስጥ 3 በመቶ ነው። ለ3 በመቶ ሲባል አንድ ሙሉ ፊልም ከዲስኩ ጫፍ ወደ ጫፍ ማጋዝ ከሚያተርፈው የሚያባክነው ይበልጣል። በወቅቱ ገንዘብ ከፍለው ሌላ የዲፍራግ ፕሮግራም የገዙ ሰዎች ያገኙት ትርፍ ባብዛኛው ይህቺን 3 በመቶና አንድ የሚያምር ካርታ ነበር።

አውቶማቲኩ ዲፍራግ ምን ያህል እንደሠራ በቁጥር የሚያሳይ ጥናት አለ። ደች ሜየርና ዊሊያም ቦሎስኪ በ2011 ባቀረቡት ጥናት በማይክሮሶፍት ሠራተኞች እጅ ያሉ 857 ኮምፒውተሮችን መርምረው ነበር። ከፋይሎቹ መካከል ከአንድ በላይ ቦታ ተቆራርጠው የተገኙት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚያም ቢሆኑ ክፉኛ የተበጣጠሱት ጥቂት ዓይነት ፋይሎች፣ በተለይም የሎግ ፋይሎች ናቸው፤ ተራ ተጠቃሚ ከፍቶ የማያያቸው። እንግዲህ በ2011 እንኳ፣ ገና ኤስኤስዲ በየቤቱ ሳይገባ፣ በእጅ የሚደረግ ዲፍራግ ከዊንዶውስ የተረፈ ቃርሚያ መልቀም ሆኖ ነበር። የሊኑክስና የማክ ሰዎች ነገሩን ቀደም ብለው ረስተውታል። የሊኑክሱ የፋይል አያያዝ ኤክስት 4 ፋይል ሊጻፍ ሲል ቦታ ከመያዙ በፊት መጠኑን አይቶ ተያያዥ ስፍራ ይፈልጋል፤ ማክ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ከ20 ሜጋባይት በታች የሆኑ የተቆራረጡ ፋይሎችን ሲከፈቱ በዚያው ያያይዝ ነበር።

ኤስኤስዲ የጥያቄውን መሠረት አነሣው። የሚዞር ሳህን የለም፣ የሚመላለስ ክንድ የለም፤ የትኛውም ቦታ ላይ ያለ መረጃ በ0.1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይገኛል። ያንን በ2000 ቦታ የተበታተነ ፋይል ወደ ኤስኤስዲ እናምጣው። 26 ሰከንድ የነበረው ጭማሪ 0.2 ሰከንድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዊንዶውስ «እዚህ ቦታ ላይ ጻፍ» ብሎ የሚሰጠው አድራሻ በኤስኤስዲ ውስጥ እውነተኛ ቦታ አይደለም። የዲስኩ ተቆጣጣሪ ቺፕ መረጃውን በራሱ ካርታ እየመራ በተለያዩ የፍላሽ ቺፖች ላይ ሆን ብሎ ይበትነዋል፤ በአንድ ጊዜ ከብዙ ቺፕ ማንበብ ስለሚያፈጥነው፣ ደግሞም አንዱ ቦታ ብቻ ደጋግሞ ተጽፎበት ቶሎ እንዳያልቅ። ስለዚህ ኤስኤስዲን ዲፍራግ ማድረግ ማለት ዊንዶውስ በሚያየው ካርታ ላይ ስም ማስተካከል ነው፤ ከሥር ያለው መረጃ እንደገና ይጻፋል፣ ቦታውን ግን ቺፑ እንደፈለገው ይመርጣል። ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲወጣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን ካወቀ ዲፍራግን ይተወው የነበረው፣ ዊንዶውስ 8 ደግሞ የመሣሪያውን ስም «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» ብሎ የቀየረው ለዚህ ነው። ዛሬ ያንን ቁልፍ ኤስኤስዲ ላይ የተጫነ ሰው በሰከንዶች ውስጥ «ተጠናቋል» የሚል መልስ ያገኛል፤ የተሠራው ሥራ ትሪም ይባላል። የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሎ ለዲስኩ ማሳወቅ ነው እንጂ ማያያዝ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ የመጣው ተቃራኒ መፈክር፣ «ኤስኤስዲን ዲፍራግ ካደረግከው ትገድለዋለህ» የሚለው፣ ይኸም ከመጠን ያለፈ ነው። ሳምሰንግ ለ860 ኢቮ ባለ 250 ጊጋባይት ዲስኩ ዋስትና የሰጠው እስከ 150 ቴራባይት ጽሑፍ ድረስ ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ 50 ጊጋባይት በከንቱ ቢያጓጉዝ በዓመት 2.6 ቴራባይት ነው፤ በዚህ አካሄድ ዋስትናውን ለመጨረስ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በየቀኑ ቢያደርገው ግን ስምንት ዓመት። የውስጥ አሠራሩ የሚጨምረው ተደራራቢ ጽሑፍ አለ፣ ርካሽና ስማቸው የማይታወቅ ዲስኮችም እንዲህ ያለ አቅም የላቸውም፤ ሆኖም ጉዳቱ ከሞት ይልቅ ከብክነት መደብ ነው። ጥቅም የለውም ማለት ይበቃል፤ ማስፈራሪያ አያስፈልገውም።

ዊንዶውስ ራሱም ቢሆን ኤስኤስዲን ጨርሶ ዲፍራግ አያደርግም ማለት ልክ አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ስኮት ሃንሰልማን በ2014 መጨረሻ እንዳብራሩት፣ የመመለሻ ነጥብ የሚባለው አገልግሎት በርቶ ከሆነ ሲስተሙ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ኤስኤስዲንም ያያይዛል። ምክንያቱ የፍጥነት ብቻ አይደለም። አንድ ፋይል ከመጠን በላይ ሲበጣጠስ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ የቁርጥራጮቹን ዝርዝር የሚይዝበት ቦታ ይሞላና ፋይሉ ከዚያ ወዲያ ማደግ አይችልም፤ ይህ ደግሞ ከፍጥነት ጋር ሳይሆን ከሥራ መቆም ጋር የተያያዘ ችግር ነው። በ2020 የጸደይ ወራት የወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም ይህንን መልካም አሠራር አበላሽቶት ነበር። መጨረሻ የሠራበትን ቀን ስለሚረሳ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ዲስኩን እንደገና ይነካካው ነበር፤ በመስከረም ወር በተላከ አፕዴት ተስተካከለ።

ከሁሉም የሚገርመው የ840 ኢቮ ታሪክ ነው። በ2014 የሳምሰንግ 840 ኢቮ ተጠቃሚዎች አዲስ ፋይል በፍጥነት ሲነበብ ለወራት ሳይነካ የቆየ ፋይል ግን እጅግ ቀስ ብሎ እንደሚነበብ አስተዋሉ። ከመቆራረጥ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በፍላሹ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን በጊዜ ብዛት ስለሚዛነፍ ቺፑ ደጋግሞ ለማንበብ ይገደድ ነበር። ሳምሰንግ በዚያው ዓመት ያወጣው መፍትሔ አሮጌውን መረጃ እንደገና መጻፍን የሚጨምር ነበር። እንግዲህ በዚያን ወቅት ኤስኤስዲውን በድንቁርና ዲፍራግ ያደረገ ሰው አንዳንድ ፋይሎቹ ሲፈጥኑለት አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ተአምሩን የሠራው ግን መደርደሩ ሳይሆን እንደገና መጻፉ ነው። በ2024 ፋስት በተባለው የፋይል ሲስተም ተመራማሪዎች ጉባኤ የቀረበ ጥናትም ኤስኤስዲ ላይ መቆራረጥ ፍጥነት የሚቀንስባቸው ሁኔታዎች እንዳሉ አሳይቷል፤ ዋናው ምክንያት ግን ተከታታይ ቁርጥራጮች በአጋጣሚ አንድ ቺፕ ላይ መደራረባቸው ነው። ይህ የዲስክ ሠሪዎች ጉዳይ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ዎርድ የሚከፍት ሰው አይሰማውም።

ታዲያ ያ ከባድ ኮምፒውተር ምን ሆኖ ነው? እኛ ሀገር ጥያቄው ከሌላው ዓለም ይልቅ ሕያው ነው፤ ምክንያቱም በገበያው ላይ ያለው ላፕቶፕ ብዙው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የሚገባ ነውና። 4 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 5400 ዙር ሃርድ ዲስክ፣ ላዩ ላይ የተጫነ ዊንዶውስ 10፣ ከዚያ ክሮም በአሥራ አምስት ታብ። ራሙ ይሞላና ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ማጓጓዝ ይጀምራል፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚዘልለው ክንድ የራምን ሥራ እንዲሠራ ይጠየቃል። ይህንን ዲፍራግ አያድነውም። ፎርማትም ለጊዜው ነው የሚያቀልለው። ሰው ሁሉ ፎርማት ካስደረገ በኋላ «እንደ አዲስ ሆነ» የሚለው በጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ስለጠፉለት ነው፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው ሲሞሉ ያው ይሆናል። በጥቅምት 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመና እነዚህ አሮጌ ማሽኖች አብዛኞቹ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ስለማያሟሉ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት «ምን ላድርገው» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ መምጣቱ አይቀርም።

ለእንዲህ ያለ ማሽን ገንዘብ ካለ የሚያዋጣው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ መግጠም ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክና የሳታ ኤስኤስዲ መጠናቸውም ሶኬታቸውም አንድ ስለሆነ ጥቂት ብሎን ከመፍታት ያለፈ ሥራ አይጠይቅም። የዲቪዲ ማጫወቻ ያላቸው አሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ዲቪዲውን አውጥቶ ካዲ በሚባል መያዣ አሮጌውን ዲስክ እዚያ መክተት ይቻላል፤ ሲስተሙ ኤስኤስዲው ላይ፣ ፊልምና ፎቶው በአሮጌው ላይ። ራም ከ4 ወደ 8 ማሳደግ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ዲፍራግ በምርጥ ቀኑ ካስገኘው ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ እጅግ ይበልጣሉ።

ዲፍራግ ከማዘዝ በፊት መታየት ያለበት ሌላም ነገር አለ። ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ያለ ዩፒኤስ የሚጠፋና የሚነሣ ዴስክቶፕ፣ በታክሲ በአውቶቡስ ሲንገላታ የኖረ ላፕቶፕ፣ ውስጡ ያለው ሳህን ላይ የማይነበቡ ቦታዎች ይበዙበታል። ዲስኩ እነዚያን ቦታዎች ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ማሽኑ ለሰከንዶች ድርቅ ይላል፤ ባለቤቱም «ከበደ» ይለዋል። እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያለ ነጻ ፕሮግራም ተከፍቶ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ከታየ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ዲፍራግ ከሁሉ የከፋው ትእዛዝ ነው። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሰዓታት ማሯሯጥ ማለት ነው፤ አንድ የመጨረሻ ጉልበት ከቀረው ያ ጉልበት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ለማውጣት ይዋል። ለማያውቅ ደንበኛ የሚሞት ዲስክ ላይ ዲፍራግ አስነሥቶ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ ባለሙያ የደንበኛውን ልጆች ፎቶ ሊያስበላ ይችላል። መብራት መሐል ላይ ቢሄድስ የሚለው የቆየ ስጋት ግን ከዶስ ጋር የቀረ ነው። የዛሬው ዊንዶውስ ቁራጩን አዲሱ ቦታ ላይ ከጻፈ በኋላ ነው አሮጌውን የሚለቀው፤ ጤነኛ ዲስክ ላይ መቋረጡ ብቻውን ፋይል አያጠፋም።

ዲፍራግ አሁንም የሚያስፈልግበት ቦታ ከተፈለገ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ሰዎች ትልልቅ የሚሽከረከሩ ዲስኮችን እስከ አፋቸው ይሞላሉ፤ የአንዱን ሠርግ ሰርዘው የሌላውን ይከታሉ፣ በመሐል የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በሺህ የሚቆጠሩ ጊዜያዊ ፋይሎች ይጽፋል ያጠፋል። ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ አዲስ የሚገባው የ40 ጊጋባይት ቀረጻ ባገኘው ስንጥቅ ሁሉ ይበተናል፤ ሁለትና ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ሲጫወት ምስሉ የሚቆራረጠውም አንዳንዴ ለዚህ ነው። ውጪያዊ ዲስኮች ደግሞ ሲስተሙ በሚያስተካክልበት ሰዓት ተነቅለው መሳቢያ ውስጥ ስለሚሆኑ አውቶማቲኩ አያገኛቸውም። እዚህ ላይ ቦታ ለቆ ዲፍራግ ማድረግ ለውጥ ያመጣል፤ ቢያንስ አሥራ አምስት በመቶ ያህል ባዶ ሳይኖር መጀመር ግን ፕሮግራሙን ቦታ በሌለበት ቤት ዕቃ አዛውር እንደማለት ነው።

ችግሩ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚሸጡ ብዙ ትልልቅ ዲስኮች የመጻፊያ መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን ባንዱ ላይ እያደራረቡ የሚጽፉ መሆናቸው ነው። ኤስኤምአር ይባላሉ። አንድ ትንሽ ቦታ ለማስተካከል በዙሪያው ያለውን ሁሉ እንደገና መጻፍ አለባቸው፤ ስለዚህ ዲፍራግ እነሱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ላያልቅ ይችላል። ዌስተርን ዲጂታል በ2020 ለኔትወርክ ማከማቻ በሚሸጣቸው አንዳንድ ሬድ ዲስኮች ውስጥ ይህንን አሠራር ሳይናገር መጠቀሙ ተገልጦ ብዙ ቁጣ የቀሰቀሰው ገዢው ምን እንደገዛ ስላላወቀ ነው። ለስቱዲዮ ሰው እንግዲህ ከዲፍራግ የተሻለ መንገድ አለ፤ ሁለተኛ ባዶ ዲስክ ገዝቶ፣ ፎርማት አድርጎ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ኮፒ ማድረግ። ባዶ ዲስክ ላይ በተራ የሚጻፉ ፋይሎች ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ አሮጌው ዲስክም የሙሽሮቹን ቪዲዮ ሁለተኛ ቅጂ ይዞ መደርደሪያ ላይ ይቆያል።